ድራግ ኮርት፣ ዌልነስ ኮርት ወይስ መደበኛው ችሎት? ከመፈረማችሁ በፊት

ጥር ላይ አንዲት የማውቃት ልጅ ከሰሜን ሚኒሶታ ደወለችልኝ። ገና ሰላም ሳንባባል "ጋሼ፣ ወረቀት ሰጥተውናል፣ ሦስት ምርጫ አለው፣ የቱን እንፈርም?" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዳይታወቁ አንዳንዱን ዝርዝር ቀይሬዋለሁ። ባሏ ኦጂብዌ ነው፣ ከነባር አሜሪካውያን (ከአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች) ጎሳዎች የአንዱ አባል። ለጀርባ ሕመም በጀመረው ክኒን ሰበብ ፈንታኒል የሚባለው ብርቱ ዕፅ ውስጥ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ማታ ፖሊስ መኪናቸውን አስቆመ፣ ከወንበር ሥር ክኒን ተገኘ። መኪናው በእሷ ስም ነው፣ እሷም ጎኑ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ተከሰሱ። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆቻቸው ከኋላ ተኝተው ስለነበር ሲፒኤስም (የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ) ፋይል ከፈተ። እሷ ያላት ግሪን ካርድ ነው። ከቡና ሌላ ሱስ የላትም።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስት መንገዶች፦ መደበኛው ችሎት፣ የካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው አስተዳደር) ድራግ ኮርት፣ ማለትም ሱሰኛን በሕክምናና በክትትል የሚይዝ ችሎት፣ እና ጎሳው ከካውንቲው ጋር አብሮ የሚያስችለው ተመሳሳይ ችሎት፣ ዌልነስ ኮርት። አንድ ደግ ሰው "ሁለታችሁም ዌልነስ ኮርቱን ግቡ፣ ስትጨርሱ ኬዙ ይሰረዛል" ብሏቸዋል። ለእሱ ጥሩ ምክር ነው። እሷን ግን ያ ምክር ከአገር ሊያስባርራት ይችላል። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። አንዱ በር ለባል መዳኛ፣ ለሚስት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት ውስጥ ዓመታት ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ። እዚህ ያለውን ይዛችሁ ወደ ጠበቃ ሂዱ እንጂ በጠበቃ ፈንታ አትጠቀሙበት።

መጀመሪያ የትኛው በር ክፍት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የፌደራል እውቅና ያላቸው ከ570 በላይ የነባር አሜሪካውያን ጎሳዎች አሉ። ብዙዎቹ የራሳቸው ዳኛ፣ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ማን በማን ላይ መፍረድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን ራስ ያዞራል። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦሊፋንት በሚባለው ጉዳይ፣ የጎሳ ፍርድ ቤት ነባር አሜሪካዊ ያልሆነን ሰው በወንጀል መክሰስ አይችልም ብሎ ወሰነ። ኮንግረስ በ2013ና በ2022 የቤት ውስጥ ጥቃትንና ጥቂት ሌሎች ወንጀሎችን ከዚያ ለይቶ አውጥቷል፣ ክኒን መያዝ ግን እነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ የእኛዋ ልጅ መሃል ሬዘርቬሽን (ለጎሳው የተከለለ መሬት) ላይ ብትያዝ እንኳ ጎሳው ብቻውን ሊከሳት አይችልም።

እሱስ? ይህ እንደ ስቴቱ ይለያያል። በ1953 የወጣው ፐብሊክ ሎው 280 የሚባለው ሕግ፣ ሬዘርቬሽን ውስጥ የሚፈጸምን ወንጀል የመዳኘት ሥልጣን ለተወሰኑ ስቴቶች ሰጠ። ሚኒሶታ አንዷ ናት፣ ሬድ ሌክ የሚባለውን ሬዘርቬሽን ሳይጨምር። እንዲህ ባለ ስቴት ውስጥ የጎሳው አባልም ቢሆን ተከሶ የሚቀርበው ካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። ሰዎች "የጎሳ ፍርድ ቤት ልግባ" ብለው ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚጋጩት ከዚህ ግድግዳ ጋር ነው።

ግድግዳውን የቀደዱትም እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ ናቸው። በ2006 የሊች ሌክ ጎሳ ዳኛ ኮሪ ዋህዋሱክና የካስ ካውንቲ ዳኛ ጆን ስሚዝ አንድ የጋራ ችሎት ከፈቱ። ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ዳኛ፣ አንድ ችሎት። ሲመቻቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሲርቁ በቪዲዮ ተያይዘው ያስችላሉ። የተጀመረው ጠጥተው በተደጋጋሚ ለሚያሽከረክሩ ነበር፣ ነባር አሜሪካዊ ያልሆነም ይገባበታል። ከዚያ ወዲህ በካሊፎርኒያና በአላስካም ተመሳሳይ የጋራ ችሎቶች ተከፍተዋል። እናንተ ያላችሁበት አካባቢ የጋራ ችሎት መኖሩን የጎሳውን ፍርድ ቤት ጸሐፊ በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

መደበኛው መንገድ

ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም። ትከራከራለህ፣ ወይ ትደራደራለህ፣ ወይ ይፈረድብሃል። ፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ ሆኖ በክትትል መቆየት) ወይም እስር። ስለ ሱስህ የሚጠይቅህ ብዙም የለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ክሱ ቀላል ከሆነና ሰውየው ሱሰኛ ካልሆነ፣ ይህ መንገድ አጭሩና ንጹሑ ሊሆን ይችላል። ድራግ ኮርት እንደ ምሕረት ስለሚቀርብ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ነውር የለውም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያወጡት መስፈርት ድራግ ኮርት ሱሱ ለጠናበትና ያለ ጥብቅ ክትትል መልሶ ለሚወድቅ ሰው ነው ይላል። ሌላውን ሰው እዚያ ማስገባት ጤነኛን ሆስፒታል እንደ ማስተኛት ነው።

የካውንቲው ድራግ ኮርት

የመጀመሪያው በ1989 ማያሚ ውስጥ ነው የተከፈተው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዳኛው አንድ ጊዜ ፈርዶ አይሰናበትህም፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ያይሃል። ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃው፣ የፕሮቤሽን ሠራተኛው፣ የሕክምና ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰብስበው ስለ አንተ ያወራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል፣ በደረጃ በደረጃ ይላላል።

በወረቀት ሲያነቡት ቀላል ነው። ኑሮው ግን ሌላ ነው። በብዙ ቦታ የቀለም ስልክ የሚባል ነገር አለ። ሲመዘገቡ አንድ ቀለም ይሰጥዎታል፣ ቢጫ እንበል። በየማለዳው፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ አንድ ቁጥር ላይ ይደውላሉ። የተቀዳ ድምፅ "የዛሬው ቀለም ሰማያዊ ነው" ይላል። ሰማያዊ ከሆነ ወደ ሥራ። ቢጫ ካለ ግን በተወሰነው ሰዓት ሄደው፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ እያየ፣ ጽዋ ውስጥ ሽንት ይሰጣሉ። ሳይሄዱ ከቀሩ እንደ ተጠቀሙ ነው የሚቆጠረው። የሌሊት ታክሲ የሚነዳ አንድ የአገሬ ልጅ ነበር፣ አስተርጉሜለታለሁ፣ ከዕፁ ይልቅ ያቺ የማለዳ ስልክ አደከመችኝ ብሎኛል። መኪና የሌለው፣ ገጠር የሚኖር፣ በረዶ ውስጥ 40 ማይል የሚሄድ ሰውስ?

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሲወድቅ ምን ይሆናል? ሱስ ያለበት ሰው ይወድቃል። ጥሩ ድራግ ኮርት መጠቀምንና መዋሸትን ለይቶ ያያል፣ ለመጀመሪያው ሕክምናውን ያጠብቃል፣ ለሁለተኛው ይቀጣል። መጥፎው ሁለቱንም በእስር ቀን ይመታል። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ቀን ሄዳችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ችሎቱ ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ሰው "ቅዳሜ ተጠቀምኩ" ሲል ዳኛው ምን እንደሚል ስሙ። ከሃያ ገጽ ብሮሹር ያ ይበልጣል።

የጎሳው ዌልነስ ኮርት

ጎሳዎቹ ድራግ ኮርት የሚለውን ስም አልወደዱትም። ሂሊንግ ቱ ዌልነስ ኮርት አሉት፣ ከፈውስ ወደ ጤንነት እንደ ማለት። አንዱ ምክንያት በብዙ ጎሳ ዘንድ ቤት ያፈረሰው ዋናው ነገር አልኮል መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ ስሙ ሰውየውን በጥፋቱ እንዳይጠራው ነው። አጥንቱ ከድራግ ኮርት ጋር አንድ ነው፦ ምርመራው አለ፣ ደረጃው አለ፣ ቅጣቱ አለ። ላላ ያለ ነው ብሎ የሚገባ ሰው ይሳሳታል።

የሚለየው ማን ጠረጴዛው ላይ እንደሚቀመጥና ምን እንደ ሕክምና እንደሚቆጠር ነው። የጎሳው ሽማግሌ አለ። አክስት ልትጠራ ትችላለች። የላብ ቤት ሥርዓት (በእንፋሎት በሞቀ ጎጆ ውስጥ የሚደረግ ጸሎት)፣ በክብ ተቀምጦ መወያየት፣ ቋንቋ መማር፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ለአቅመ ደካማ አረጋዊ እንጨት መፍለጥ፣ እነዚህ ሁሉ ፋይል ላይ ይመዘገባሉ። በሰሜን ካሊፎርኒያ ክላማት ወንዝ ዳር ያለው የዩሮክ ጎሳ ዋና ዳኛ አቢ አቢናንቲ ናቸው። በ1974 የካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዋ ነባር አሜሪካዊት ሴት ሲሆኑ፣ ዋና ዳኛ የሆኑት በ2007 ነው። ካባ አይለብሱም፣ ከፍ ያለ መንበር ላይም አይቀመጡም፣ በጂንስ ሱሪ ሆነው ከባለጉዳዩ ጋር እኩል ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚያስጨንቃቸው ጥፋተኛ ነህ አይደለህም ከሚለው ይልቅ ያበላሸኸውን እንዴት ታስተካክላለህ የሚለው ነው። ሽምግልና አይቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። እነዚህ ሽማግሌዎች ግን የሽንት ውጤቱን ይዘው ነው የሚቀመጡት።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ጎሳ ትንሽ መንደር ነው። ዳኛዋ የእናትህ የአጎት ልጅ፣ ሽንት የሚቀበለው አብሮህ የተማረ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ይህ ድጋፍ ነው፣ ለሌላው እርቃን መቆም። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ከፌደራል ድጎማ ስለሚመጣ፣ ድጎማው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ሊታጠፍ ይችላል። የተጀመረው መቼ ነው፣ በጀቱ እስከ መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ከዚያ የጠበቃ ነገር አለ። ጎሳው ብቻውን በሚያስችልበት ፍርድ ቤት መንግሥት የሚያቆመው ነፃ ጠበቃ እንደ ካውንቲው የተረጋገጠ አይደለም። በ1968 የወጣው ሕግ ጠበቃ የማቆም መብት ይሰጣል፣ ግን በራስ ወጪ። በሌላ በኩል ጎሳው ሊፈርድ የሚችለው እስር በአንድ ወንጀል ከአንድ ዓመት አይበልጥም። በ2010 የወጣው ሕግ እስከ ሦስት ዓመት እንዲፈርድ ፈቅዶለታል፣ ያን ጊዜ ግን አቅም ለሌለው ተከሳሽ ጠበቃ ማቆም ግዴታው ነው። የጋራ ችሎት ከሆነ የካውንቲው ክስ ስለሆነ ፐብሊክ ዲፌንደር፣ ማለትም መንግሥት የሚያቆመው ነፃ ጠበቃ ይኖራል። ለባልየው ዌልነስ ኮርቱን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ካውንቲው ወረቀት ሰጥቶ ይሸኘዋል፣ ሽማግሌው ግን በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ያገኘዋል።

የመድኃኒቱ ነገር

ፈንታኒል ለያዘው ሰው ይህ የሞት የሽረት ጥያቄ ነው። ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የሚባሉት የሱስ መድኃኒቶች ሰውን በሕይወት ያቆያሉ። ድሮ ብዙ ድራግ ኮርት "አንዱን ዕፅ በሌላ መተካት ነው" እያለ ያስቆም ነበር። አሁን የፌደራል ድጎማ የሚቀበል ድራግ ኮርት፣ የካውንቲም ይሁን የጎሳ፣ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት መከልከል አይፈቀድለትም። የፍትሕ ሚኒስቴርም በ2022 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ክልከላ የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ ሊጥስ እንደሚችል ተናግሯል። ቢሆንም አፍ ላይ ያለውና ችሎቱ ውስጥ የሚደረገው ይለያያል፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

እኛ ዘንድ ጠበል ሲገባ ኪኒኑን የሚጥል ሰው አለ አይደል? እዚያም የላብ ቤቱ ካለ መድኃኒት ለምን የሚል ሽማግሌ ይገጥማል። ጥሩው ዌልነስ ኮርት ሁለቱንም አብሮ ያስኬዳል። ልጅቷ ስትጠይቃቸው የጎሳው ክሊኒክ ራሱ መድኃኒቱን እንደሚሰጥ ነገሯት። እኔም ያን ስሰማ ትንሽ ትንፋሼ ተመለሰ።

አሁን ወደ እሷ

ዜጋ ያልሆናችሁ ይህችን ክፍል ሁለቴ አንብቡ። የኢሚግሬሽን ሕግ "ተፈርዶበታል" የሚለውን በራሱ መንገድ ይተረጉማል። ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ካለ፣ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ፍሬ ነገር ካመነ፣ ዳኛውም በነፃነቱ ላይ የሆነ ገደብ ካደረገ፣ አለቀ። ፕሮቤሽን ገደብ ነው። የግዴታ ሕክምናም ገደብ ነው። ከዓመት በኋላ ስቴቱ ኬዙን ሰርዞ "ንጹሕ ነህ" ቢለው ኢሚግሬሽን አይሰርዝም። አብዛኛው ድራግ ኮርት ደግሞ መግቢያው ላይ የሚያስፈርመው ይህንኑ ነው፦ ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ፍርዱን እናቆየዋለን፣ ስትጨርስ እንቀደዋለን። ለዜጋ ግሩም ስምምነት ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ወጥመድ ነው።

የዕፅ ፍርድ ከአገር ያስባርራል። ያለው ልዩ ሁኔታ ጠባብ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራስ የተያዘ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና። ፈንታኒል አይገባበትም። ጫትም አይገባበትም፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራሉ ዝርዝር የመጀመሪያው መደብ ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። ሌላም አለ፦ ሕጉ የዕፅ ሱሰኛ መሆንን በራሱ፣ ፍርድ ባይኖርም፣ የመባረሪያ ምክንያት አድርጎ ጽፎታል። ድራግ ኮርት ውስጥ ደግሞ በየሳምንቱ ቆመህ ስለ አጠቃቀምህ እውነቱን ተናገር ነው የምትባለው።

ከ2010 ጀምሮ፣ ፓዲያ በሚባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው መንገር ግዴታው ነው። ስለዚህ ፐብሊክ ዲፌንደሩን "ዜጋ አይደለሁም" በሉት፣ መጀመሪያ ቀን። አንዳንድ ቦታ ጥፋተኛ ነኝ ሳይባል የሚገባበት ፕሮግራም አለ፣ እሱ ካለ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔም ወረቀቱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያንብበው።

ለእሷ ያልኳት እንግዲህ ይህ ነው፦ መደበኛው ችሎት፣ ክርክር። ክኒኑ የእሷ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕጉ ነው። "ባሌ ብቻውን ሲገባ ከዳሁት አይሉም?" አለችኝ። አይሉም። ቤተሰብ ሆና እየሄደች ከጎኑ መቀመጥ ትችላለች፣ ለዚያ መከሰስ አያስፈልግም።

ልጆቹ

የልጆቹ ጉዳይ ከወንጀሉ የተለየ ፋይል ነው፣ ሰው ግን ሁለቱን ያደባልቃል። እዚህ ላይ የጎሳው ወገን ሚዛኑን በጣም ይደፋል።

በ1978 የወጣው የነባር አሜሪካውያን ልጆች ደህንነት ሕግ አለ፣ በአጭሩ ኢክዋ ይሉታል። ከዚያ በፊት በተደረጉ ጥናቶች ከ25 እስከ 35 ከመቶ የሚሆኑ የነባር አሜሪካውያን ልጆች ከቤታቸው ተወስደው ነበር። ሕጉ የመጣው ለዚያ ነው። በ2023 ክስ ተነሥቶበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 አጽንቶታል። ልጁ የጎሳው አባል ከሆነ፣ ወይም የአባል ልጅ ሆኖ አባል መሆን የሚችል ከሆነ ይሸፈናል። "ልጆቼ ሐበሻም ናቸው እኮ" አለችኝ። ምንም አይደለም፣ ግማሽ ሐበሻነታቸው አይቀንሳቸውም። አባልነትን የሚወስነው ጎሳው ራሱ ነው፣ ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ የጎሳውን ምዝገባ ክፍል መጠየቅ ነው።

ምን ይለውጣል? ለሌላው ቤተሰብ ካውንቲው "ተገቢ ጥረት" ማድረግ ይበቃዋል። በኢክዋ "ንቁ ጥረት" ነው የሚጠየቀው፦ የስልክ ቁጥር ሰጥቶ ማሰናበት ሳይሆን ይዞ መሄድ፣ ሕክምናው ድረስ ማድረስ። ልጅ ከቤት መውጣት ካለበት መጀመሪያ ዘመድ ይፈለጋል። የወላጅነት መብት ለመቁረጥ ደግሞ ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ ይጠይቃል፣ በወንጀል ክስ እንደሚጠየቀው ዓይነት። በተለመደው አሠራር፣ ልጅ ከ22 ወር ውስጥ 15ቱን ውጭ ካሳለፈ ስቴቱ መብቱ እንዲቆረጥ ማመልከት አለበት፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። የ18 ወር ድራግ ኮርትና የ15 ወር ሰዓት አብረው ሲቆጥሩ አስቡት። ሱሰኛ ወላጅ ገና ሳይመረቅ ልጁን ሊያጣ ነው። ብዙ ጎሳዎች የወላጅን መብት ፈጽሞ መቁረጥ ስለማይወዱ የራሳቸው ችሎት ውስጥ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ቤተሰብን ብቻ የሚያይ የቤተሰብ ዌልነስ ኮርት ያላቸውም አሉ፣ ሕክምናውና የልጆቹ ጉዳይ አንድ ዳኛ ፊት ይሆናል።

አሁን የእሷ ውሳኔ። ልጆቹ ከሬዘርቬሽን ውጭ የሚኖሩ ከሆነ ጎሳው ፋይሉን ወደ ራሱ ፍርድ ቤት እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል። ከሁለት ወላጅ አንዱ እንኳ ከተቃወመ ግን አይዛወርም። እሷም ወላጅ ናት። "እነሱ ዘመድ ናቸው፣ እኔ ባዕድ ነኝ፣ ልጆቼን ቢወስዱብኝስ?" የሚል ፍርሃት ገብቷታል፣ ይገባኛል። ፈርታ ግን ቶሎ እቃወማለሁ አትበል፣ ቶሎም አልቃወምም አትበል። ካውንቲው ጋ ቢቀርም ኢክዋ ይከተላቸዋል። ስለዚህ መመዘን ያለባት ሕጉን ሳይሆን ሰዎቹን ነው፦ የጎሳው ዳኛ ነባር አሜሪካዊ ያልሆነች እናትን እስከ ዛሬ እንዴት ነው ያስተናገዱት? አስተርጓሚ ያቀርባሉ? አማቷ ጋር ያላት ነገር እንዴት ነው? የመጨረሻውን ስጠይቃት ሳቀች፣ በዚያ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ። አማቷ ናቸው ለልጆቹ ሹራብ የሚሠሩት።

መጋቢት ላይ መልሳ ደወለች። ማለዳ ነው፣ ከኋላ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። የእሱ ቀለም አረንጓዴ ነው፣ የዛሬውም አረንጓዴ ስለሆነ በበረዶ ወጥቷል አለችኝ። የእሷ ኬዝ ገና ነው፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃዋ ሐሙስ ቀጠሮ ሰጥቷታል። ስለ ዝውውሩ አልወሰነችም። "እሑድ አማቴ ጋ ሄጄ ቡና ላፈላላቸው ነው፣ እጠይቃቸዋለሁ" አለች።